የአይ ሩቅያ ሾርባ

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን የሐረር ሰማይ ጭስ ነው። ዘንድሮም ከሸዋ በር ጀምሮ እስከ እኛ ሰፈር ያለው ደጅ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ፣ የማሽላ አገዳውንና አሮጌ ሰሌኑን ቆልሎ ለኮሰው። ጎረቤቴ አስካለ በሯ ላይ ያነደደችውን በእንጨት እየቆሰቆሰች፣ «እማማ ብርቄ፣ እርስዎ አያጥኑም እንዴ? በሽታው እንዳይገባብዎ!» ብላ ጮኸችብኝ። «እኔ ቤት ገብቶ ወጥቷል፤ ደግሞ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» አልኋት። ሳቀች። የቀለድሁ መስሏታል።

እሳቱ ለምን እንደሚነድ የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው። ወጣቱ የጽዳት ቀን ይመስለዋል። እኔ ግን ያ ጭስ አፍንጫዬን ሲነካው ገና ሬሳው ትዝ ሳይለኝ የሚቀድምብኝ የፍየል ሾርባ ሽታ ነው። በጾም፣ ያውም በእስላም እርድ የተሠራ ሾርባ! ነገርን ነገር ያነሳዋልና እስቲ ላውጋችሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለሁ ሞተ። እናቴ ከሸዋ በር ውጭ በምትገኝ ደሳሳ ጎጆ ፈትል እየፈተለች፣ በሩ ላይ ባለው ገበያ እየሸጠች አሳደገችኝ። ከደንበኞቿ ሁሉ የማልረሳቸው አይ ሩቅያን ነው። አይ ማለት ጁገል በሚባለው በግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ ሰዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። ኮፍያ ሰፍተው የሚያድሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ባልቴት ነበሩ። ከእናቴ ጋር በክር ዋጋ ሳይጨቃጨቁ የተለያዩበት ቀን አልነበረም። «ክርሽ እንደ ምላስሽ ቀጭን ቢሆን ምን ነበረበት!» ይሏት ነበር። እናቴም ጥርሷን ነክሳ ትስቅ ነበር።

ከዚያ የኅዳር በሽታ የተባለው መጣ። ሰው ጠዋት አስነጥሶ ማታ የሚቀበርበት ጊዜ ነበር። እናቴ በታመመች በአራተኛው ቀን ሞተች። ሦስት ሰዎች ናቸው ወስደው የደብራችን ቅጥር ውስጥ የቀበሯት፤ እኔም ታምሜ ራሴን ማንሣት አቅቶኝ አልሸኘኋትም። ጎረቤቱ በሩን ዘጋ። አልፈርድበትም፤ ማን በሰው ሞት ይገባል? አይ ሩቅያ ግን ክር ሊገዙ መጡ። ጎጆዋን ከፍተው ሲያዩኝ ስለ ክሩ ምንም አላነሡም። ሄደው አህያ ተውሰው ተመለሱ፤ እንደ ጭድ ጭነው ወደ ጁገል አስገቡኝ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ «ምንድን ነው የጫኑት?» ሲላቸው፣ «ልጄ ናት፤ ምን አገባህ?» ያሉት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ቤታቸው ውስጥ ነደባ በሚሉት ከፍ ባለ የአፈር መደብ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው አስተኙኝ። ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ተሸፍኗል፤ ወለሉ በቀይ አፈር ተለስኗል። ትኩሳቱ ሲያስጨንቀኝ ሳህኖቹ የሚወድቁብኝ ይመስለኝ ነበር። ገንፎ አበሉኝ፤ አስመለሰኝ። አጃ አጠጡኝ፤ እሱም አልረጋ አለ። በሦስተኛው ቀን ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ከአጠገቤ ተቀመጡ። በርበሬ የሌለው፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ የሚሸት ሾርባ ነበር።

«ብርቄ» አሉኝ፤ «ወላሂ አልዋሽሽም። ይሄ የፍየል ነው። ያረደው የወንድሜ ልጅ ነው፤ በእኛ ቢስሚላህ ነው የታረደው። ካህኖችሽ እንደማይፈቅዱ አውቃለሁ። ደግሞ ጾማችሁ ገብቷል። ሸሽጌ ባጠጣሽ በኔም በአንቺም ዘንድ ሐራም ነው። አልፈልግም ካልሽ እንደገና ገንፎ አገነፋለሁ።»

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ዛሬም ያው ነው። ክርስቲያን የእስላም እርድ አይበላም፤ እስላምም የክርስቲያን። ጎረቤት ሆኖ አርባ ዓመት ይኖራል፤ ልቅሶ ይደራረሳል፤ ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን እጁን ይሰበስባል። እንኳን እኔ፣ የሰፈሩ ሰካራምም ይህን ያውቃል። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በጣቴ ዳሰስሁት። ከዚያ «አምጡልኝ» አልሁ። ሌላ ቃል አልጨመርሁም። አሥራ ሁለት ቀን ያንኑ ሾርባ ጠጥቼ በእግሬ ቆምሁ።

የገና በዓል ሲደርስ ወደ ደብራችን ሄድሁ። የእናቴን መቃብር እስከዚያ አላየሁትም ነበር። ወሬ ግን ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ተክሌ ከቅጥሩ በር ላይ መስቀላቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምላችሁ ዛሬ ነው፤ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ሌላ ነበር መልሴ።

«ቄደር መጠመቅ አለብሽ» አሉኝ። ቄደር ማለት ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው ጸሎቱ ተደርሶ በውሃ የሚጠመቅበት ሥርዓት ነው። «ከዚያም ቤት ሁለተኛ ላትረግጪ ትምያለሽ።»

«አልካድሁም እኮ፣ መምሬ።»

ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «እንግዲያው ስሚኝ። ራስሽን ስተሽ ነበር፣ አይደለም? ምን እንዳጠጡሽ አታውቂም። እንዲያ በይና ጥቂት ስግደት ሰጥቼሽ ትገቢያለሽ፤ ቄደሩም ይቀራል።»

እዚህ ላይ ነው ሕይወቴ የተጣመመው፤ ወይም የተቃናው። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለግብኝ። አላወቅሁም ብል ማን ይጠይቀኛል? ግን አይ ሩቅያ በዚያ ሁሉ ሽብር መሀል አጠገቤ ተቀምጠው እውነቱን ነግረውኛል። ራሴን ሳትሁ ብል እሳቸው በተኛሁበት ያጠመዱኝ ሴት ሊሆኑ ነው።

«አውቄ ነው የጠጣሁት» አልሁ። «ጠይቀውኝ፣ እሺ ብዬ ነው።»

መምሬ ፊታቸው ጠቆረ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! እንግዲህ ቄደር ሳትጠመቂ ከዚህ ቅጥር አትገቢም። በቁምሽም፣ በሬሳሽም።» በሩን ዘጉት። የእናቴ መቃብር ከበሩ ሃያ እርምጃ አይሆንም ነበር።

ይህን ለአይ ሩቅያ ብነግራቸው መርፌያቸውን ኮፍያው ላይ ሰኩ። «ሂጂና ቄሱ ያሉሽን በይ» አሉኝ። «እኔ አልቀየምሽም። አላህ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ሌላው ምን ቢመስለው ምን ቸገረኝ?»

«እርስዎ ሳይዋሹኝ እኔ በእርስዎ ላይ ልዋሽ?»

«ጭንቅላትሽ ድንጋይ ነው!» አሉና መርፌያቸውን አነሡ።

በቁርበቴ ላይ ስገላበጥ ቆይቼ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ሕፃን ሳለሁ ያጠመቁኝ፣ የአባቴ ነፍስ አባት የነበሩ አባ ወልዴ ከተማውን ትተው ከሂርና በላይ በሚገኝ ተራራ ላይ መንነዋል ይባል ነበር። እሳቸው «ክደሻል» ካሉኝ እጠመቃለሁ፤ «አልካድሽም» ካሉኝ ደግሞ ማንም አያስገድደኝም ብዬ ወሰንሁ። ባቡር ድሬዳዋ አለ፤ ግን ለኔ ቢጤ አልነበረም። የጥምቀት ሰሞን እንዳለፈ በሶና ጨው ቋጥሬ፣ የአባቴን አሮጌ በርኖስ ደርቤ ብቻዬን ተነሣሁ። ለእናቴ ሐዘን ራሴን ተላጭቼ ስለ ነበር መንገደኛው ሁሉ መነኩሲት አድርጎኛል፤ ይህም ጠቀመኝ። አይ ሩቅያ ጥቂት ተምር በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። «ተምር ሃይማኖት የለውም» አሉኝ።

የጥር ነፋስ ደረቅ ነው። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ በነፋሱ ሲንኳኳ ሰው የሚከተለኝ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ዞር አልሁ። ከዓለማያ ሐይቅ ዳር ውሃ ቀድቼ በሶዬን በጠበጥሁ፤ ወፉ ሐይቁን ሸፍኖት ነበር፤ ለእሱ የደረሰ መርዶ የለም። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ጠላኝ። በየመንደሩ ጫፍ ሰዎች ከሩቅ «ከየት ነሽ?» ይላሉ፤ ከሐረር ስል ድንጋይ ያነሣሉ። «በሽታ ይዘሽብን መጣሽ! እለፊ!» አንዱ ድንጋይ ቁርጭምጭሚቴን አገኘኝና ቀርሳን ያለፍሁት እያነከስሁ ነው። ቁልቢ ገብርኤልን ከመንገድ ቆሜ ተሳለምሁ፤ ቅጥሩ ውስጥ ግን አልገባሁም። እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ አይደለም፤ ራሴው አኩርፌ ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ መምሬ ተክሌን ስረግም ነበር የምሄደው። እርግማን ስንቅ ይሆናል ብል ታምኑኛላችሁ? እኔን በሶው ካለቀ በኋላ የወሰደኝ እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት ጎጆ የዶሮ ጩኸትና የሰው ሲቃ ሰማሁ። ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ቁርበት ላይ ተዘርግተው ያቃስታሉ። ኡመሬ የሚባሉ ዶሮ ነጋዴ ነበሩ፤ ወደ ጨለንቆ ገበያ ዶሮ ይዘው ሲሄዱ በሽታው ጣላቸው፤ ጓደኞቻቸውም የጎጆዋም ባለቤቶች ጥለዋቸው ሸሹ። እኔን አንዴ ይዞ ለቆኛልና አልፈራሁም። የገበያ ኦሮምኛ ስለማውቅ ተግባባን። በሶ አልነበረኝም። ከተምሩ የቀረችኝን አንድ ፍሬ ፈልቅቄ ሰጠኋቸው፤ መዋጥ አቃታቸው። ቅርጫቱ ውስጥ ሦስት ዶሮዎች ቀርተው ነበር።

«ሾርባ ነው የሚያድንዎ» አልኋቸው። «እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።»

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ ያረድሽውን እኔ አልበላም። እኔ ያረድሁትን አንቺ አትበይም። ሁለታችን ስንሞት ዶሮዋ ልትቀብረን ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ችግሩ ግን እሳቸው ካሉትም የባሰ ነው። በእኛ ሴት አታርድም። ዶሮና ቢላዋ ይዛ ደጅ ቆማ ወንድ እስኪያልፍ ትጠብቃለች፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅም ቢሆን ይበቃታል። ወደ ደጅ ወጣሁ። መንገዱ በሁለቱም በኩል ጭር ብሏል። ተመልሼ ቢላዋውን እጃቸው ላይ አደረግሁት፤ ቢላዋው ወደቀ። ጣታቸው አልጨብጥ አለ። እንደገና እጃቸው ላይ አድርጌ በእጄ ደግፌ ያዝሁት።

ከዚያ ደግሞ ክርክር ሆነ። እሳቸው በዚያ ሁኔታቸው እንኳ የዶሮዋ አንገት ወደ ቂብላ ካልዞረ አሉ፤ መካ ወዳለበት ወደ ሰሜን ማለት ነው። እኔ ደግሞ እርድ ወደ ምሥራቅ ነው ብዬ ጎተትሁ። ስንጓተት ዶሮዋ በመሀከል ሰሜን ምሥራቅ ሆና ቀረች። እሳቸው «ቢስሚላሂ» አሉ፤ እኔ «በስመ አብ» አልሁ፤ አንዱ ሌላውን እንዳይቀድም በአንድ ትንፋሽ ነው የወጣው። ሁለታችንም አንገቷን ገዘገዝን።

አሥራ ሁለት ብልት ለማውጣት ትዕግሥቱም ጉልበቱም አልነበረኝም፤ ቆራርጬ በተገኘችው ድስት ቀቀልሁት። የማን እርድ እንደ ሆነ እሳቸውም አልጠየቁ፤ እኔም አልጠየቅሁ። በእጄ አጠጣኋቸው፤ የተረፈውን እኔ ጠጣሁ። እዚያ ጎጆ ውስጥ ጨው ብቻ ያለበት ሾርባ ስጠጣ እግዚአብሔር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ድፍረት ነው? ይሁን፤ እኔ ነኝ እዚያ የነበርሁት። ከቤተ ክርስቲያን ከተባረርሁ ወዲህ ጸሎት እንደ ደረቀ ቂጣ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳላስበው አባታችን ሆይ ብዬ እስከ መጨረሻው ደረስሁ። ሽማግሌው ሰሙኝ። ሲያልቅ «አሚን» አሉ። ሁለት ቀን አብሬያቸው ሰነበትሁ፤ በሦስተኛው ቀን ወንድማቸው ሲፈልጋቸው መጣና ለእሱ ትቻቸው ሄድሁ። ኖረው ይሁን ሞተው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባ ወልዴን ያገኘኋቸው ከዋሻቸው ደጅ ተቀምጠው ባቄላ ሲፈለፍሉ ነው። ዓይናቸው ፈዝዟል፤ በድምፄ ግን የማን ልጅ እንደ ሆንሁ አወቁ። ንፍሮ አቀረቡልኝና በልቼ እስክጨርስ ምንም አልጠየቁኝም። ከዚያ ሁሉን ነገርኋቸው፤ የአይ ሩቅያን ሾርባ፣ የመምሬን ምክር፣ የኡመሬን ዶሮ። አንዱን አልሸሸግሁም።

«ቄደር ለካደ ሰው ነው» አሉ። «ክደሻል?»

«አልካድሁም።»

«ዶሮዋስ? የማን እርድ ነበረች?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

ሳቁ፤ ሳሉ እስኪመጣባቸው ሳቁ። «እኔም አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ ስገልጥ ኖርሁ፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለ ታረደች ዶሮ የተጻፈ አላየሁም።» ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ «አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ» አሉኝ።

«ለሥጋው ነው?»

«ምን በወጣው ሥጋው! መምሬ ተክሌን እየረገምሽ አይደል የመጣሽው? አቀበቱን ስትወጪ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር እኮ።»

ስግደቱን ተቀበልሁ። ለመምሬ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ለመንኋቸው። እንቢ አሉ። «ወረቀት ብሰጥሽ የሚቀበሉት እኔን ነው፤ አንቺ እንደ ተባረርሽ ትቀሪያለሽ። ሂጂና የሆነውን ተናገሪ። ካላስገቡሽ ደጅ ጥኚ። አባትሽ ወታደር አልነበረም? በየጌታው ደጅ ሲጠና አይደል የኖረው? የእግዚአብሔር ደጅ ከዚያ ያንሳል?»

አዝኜ ወረድሁ ብል ውሸት ነው። ፍርድ የሚሰጠኝ ሰው ፍለጋ ነበር የሄድሁት፤ ይዤው የተመለስሁት ግን የራሴኑ ቃል ነበር። እግሬ ቀለለኝ።

ሐረር እንደ ገባሁ በእሑዱ መምሬ ፊት ቆምሁ። የረገምኋቸውን ተናዘዝሁ፤ ይቅር በሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ደስ አላቸው። «ሾርባውንስ?» ሲሉኝ ግን «አውቄ ነው የጠጣሁት» አልሁ። በሩ እንደገና ተዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስሁ። በሳምንቱ ቀናት ጁገል ገብቼ ከአይ ሩቅያ ጋር ኮፍያ እሰፋለሁ፤ እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ ግንቡ ሥር እቆማለሁ። ምእመናን ሲያልፉ አንዳንዱ ያዝንልኛል፤ አንዳንዱ ልጁን በማዶ ያሳልፋል። ክረምቱ መጣ፤ ዝናቡ ደበደበኝ። ካፊያው ሲበረታ ዲያቆኑ ካስጠለለኝ መምሬ ይቆጡታል ብዬ ከበሩ ራቅ እል ነበር። አልሄድሁም ግን። እዚያ የቆምሁት ለልመና ብቻ አልነበረም፤ እንዲያዩኝም ነበር።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ምንም በዓል ባልነበረበት እሑድ፣ ቅዳሴ ተጠናቅቆ ሰው መክፈልቱን ሲካፈል መምሬ ተክሌ ወጡ። ከዳቦው ቆርሰው በእጃቸው ይዘዋል። ለካደ ሰው መክፈልት አይሰጥም። ሰጡኝ።

«ምን ያቆምሻል ውጭ?» አሉኝ፤ እንደ ተቆጡ ሆነው። «ግቢ፤ ብርድ ነው።»

ገባሁ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላስጠየቅኋቸውም። መጀመሪያ የሄድሁት እናቴ መቃብር ላይ ነው፤ ሣር በቅሎበት ነበር። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ የዓመቱን ሁሉ በአንድ ቀን አለቀስሁት። መምሬ እስኪሞቱ ድረስ የንስሐ አባቴ ነበሩ፤ ያን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሡትም። አይ ሩቅያ ሲያርፉ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤታቸው ተቀምጫለሁ፤ «አንቺ ምናቸው ነሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

እነሆ ዕድሜዬ ሰባ ሊሞላ ነው። የአሁኑ ንስሐ አባቴ የልጅ ልጄ እኩያ ናቸው፤ ትሑትና ጥንቁቅ። በየዐቢይ ጾሙ መጥተው፣ «እማማ፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ ያልተናዘዙት ካለ አይደብቁኝ» ይሉኛል። ኃጢአቴ ብዙ ነው፤ ምላሴ ስለታም ነው፤ ምራቶቼን አስለቅሻለሁ። እሱን ሁሉ አንድ በአንድ እናገራለሁ። «ሌላ የለም?» ይሉኛል። «የለም፣ አባቴ» እላለሁ፤ ዓይናቸውን እያየሁ። ስለዚያ ሾርባ እግዚአብሔር ራሱ ከጠየቀኝ እመልስለታለሁ። ግን አስቀድሜ እኔ ነኝ የምጠይቀው፤ ሁሉም በሩን በዘጋበት ቀን አይ ሩቅያን ወደ ጎጆዬ የላካቸው ማን ነበር?